ዋቢው ባለቤቱን እንዳይስት፦ የመመረቂያ ጽሑፍ በማርክዳውን

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የዶክትሬት ጽሑፌን ወደ መጨረሱ ነኝ። ርእሴ የፒያሳ የቀድሞ ነዋሪዎች የቃል ትዝታ ነው፤ የምጽፈውም በአማርኛ ነው። ወርድ ላይ 230 ገጽ ደርሻለሁ። ዋቢዎቼን ሁሉ በእጄ ነው የጻፍኳቸው፣ በግርጌ ማስታወሻ። አሁን አማካሪዬ ‹ስምና ዓመት በቅንፍ ይሁን፣ የግርጌውን ተዪው› አሉኝ። በዞተሮ፣ በምንጭ መመዝገቢያው ፕሮግራም፣ ልሞክር ብዬ ጥቂት ምንጭ ባስገባ የደራሲዎቹ ስም ተገለባብጦ ወጣ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ማርክዳውን ላይ ጻፊውና ተገላገይ› ይለኛል። የቀረኝ ሦስት ወር ነው። ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ግቢበት። ግን በጽሑፉ አትጀምሪ፤ በዋቢዎቹ ጀምሪ። 230 ገጹን ለጊዜው እዚያው ወርድ ላይ ተዪው፣ አትንኪው። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የምንጭ መዝገብሽ ነው። እሱ ከተስተካከለ ጽሑፉን ማዛወር አያስቸግርም። እሱ ሳይስተካከል ከተዛወርሽ ግን የድሮውን ስሕተት ተሸክመሽ ቤት መቀየር ነው።

አራት ኪሎ አካባቢ የመመረቂያ ጽሑፍ አርትዖትና ቅንብር ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። አብዛኛው ሰው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ፍላሹን ይዞ፣ የጥረዛ ቀን ቆርጦ፣ እንቅልፍ አጥቶ። አንዱ ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም። የግርጌ ማስታወሻዎቹ በ«ዝኒ ከማሁ» የተሞሉ ነበሩ። እንደምታውቂው «ዝኒ ከማሁ» ስንል «ይህም ከላይ እንዳለው ነው» ማለታችን ነው። አማካሪው ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምር አሉት፤ ጨመረ። አንቀጹ ውስጥ አንድ የጋዜጣ ዘገባ ጠቅሷል። ከሥሩ ተከታትለው የነበሩት ስድስት «ዝኒ ከማሁ»ዎች ታዲያ ባለቤት ቀየሩ። የአንድ ታሪክ ጸሐፊ ሐሳብ የነበረው ሁሉ የጋዜጣው ሆነ። በዲፌንሱ ዕለት የውጭ ፈታኙ ጋዜጣውን አንብበውት ኖሮ «ይህ ነገር እዚያ የለም» አሉ። ልጁ አልሰረቀም፣ አልዋሸም። ግን እንደ ዋሸ ሰው ቆመ። ኋላ ሲነግረኝ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ማርክዳውንን የምወደው በዚህ ምክንያት ነው። ፋሽን ስለሆነ አይደለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ማርክዳውንን ጆን ግሩበር የሚባል ሰው በ2004 ነው ያወጣው። ጽሑፉ ተራ ጽሑፍ ነው፤ ርእሱ፣ ደማቁ፣ ዝርዝሩ በትንንሽ ምልክቶች ይገለጻል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚያበቃው ግን ፓንዶክ የሚባለው ፕሮግራም ነው። ከ2006 ጀምሮ አለ። የሠራው ጆን ማክፋርሌን በርክሊ የሚያስተምር የፍልስፍና ፕሮፌሰር ነው። የግርጌ ማስታወሻና የዋቢ ነገር እንዲህ የገባው ራሱ የሚጽፍ ሰው ስለሆነ ይመስለኛል። ፓንዶክ ማርክዳውኑን ተቀብሎ ወርድ ወይም ፒዲኤፍ አድርጎ ያወጣልሻል። ነፃ ነው። አንዴ ከጫንሽው ኢንተርኔት አይፈልግም።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ጽሑፉ ውስጥ የደራሲ ስም፣ ዓመት፣ ቅንፍ አትጽፊም። መለያ ብቻ ትጽፊያለሽ። እንዲህ፦

በከተማዋ ቤት የሚለው ቃል ከጣሪያና ከግድግዳ በላይ ነው [@ባሕሩ1991, 45]።

(ዓረፍተ ነገሩም ገጹም ለማሳያ ያህል የፈጠርኳቸው ናቸው።) ፓንዶክ መለያውን ያያል፣ የምንጭ መዝገብሽን ይከፍታል፣ «(ባሕሩ ዘውዴ፣ 1991፣ ገጽ 45)» ብሎ ይተካዋል። መጨረሻ ላይም የዋቢ ዝርዝሩን ራሱ ይሠራል። የጠቀስሽውን ብቻ ያስገባል። ያልጠቀስሽው አይገባም፣ የጠቀስሽው አይቀርም። አማካሪሽ ነገ ሐሳባቸውን ቀይረው «ወደ ግርጌ ማስታወሻ መልሺው» ቢሉሽ የምትቀይሪው አንድ ፋይል ነው፤ የስታይሉን ፋይል። ጽሑፉ አይነካም። «ዝኒ ከማሁ»ም ቢሆን ማን ከማን ቀጥሎ እንደመጣ እያየ በየጊዜው አዲስ ይጽፈዋል። ያ ልጅ ይህ ቢኖረው ኖሮ በዚያ ቀን እንደዚያ አይቆምም ነበር።

ሁለት ምንጭ አንድ ላይ ከሆነ [@ባሕሩ1991, 45; @ታደሰ1972] ነው። እዚህ ላይ አንድ የእኛ የሆነ ችግር አለ፤ የእንግሊዝኛው መመሪያ አይነግርሽም። በቅንፉ ውስጥ ያሉት ኮማና ሴሚኮለን የእንግሊዝኛዎቹ መሆን አለባቸው። እጅሽ ለምዶ ነጠላ ሰረዝ (፣) ወይም ድርብ ሰረዝ (፤) ካስገባሽ ፓንዶክ ቁጥሩ ገጽ መሆኑን አያውቅም፤ ሁለተኛውንም ምንጭ ከመጀመሪያው አይለይም። ሲወጣ በአማርኛ ሥርዓተ ነጥብ እንዲሆን የምናደርገው በስታይሉ ነው። እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

መለያው በፊደላችን ሊሆን ይችላል። ፓንዶክ የእኛን ፊደል ፊደል ብሎ ያውቀዋል። ግን ተጠንቀቂ፤ «ባሕሩ» እና «ባህሩ» ለአንቺ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይ አንድ ሕግ አውጪና አትልቀቂ። ደግነቱ መለያው ካልተገኘ ፓንዶክ ዝም አይልም። ማስጠንቀቂያ ይሰጥሻል፣ በጽሑፉ ውስጥም መለያውን አድምቆ የጥያቄ ምልክት ይለጥፍበታል። በእጅ የተጻፈ ዋቢ ሲሳሳት ግን ማንም አይነግርሽም።

አሁን ወደ ተገለባበጠው ስም እንምጣ። ይህ የሁላችንም ነገር ነው።

ዞተሮ ስም ለመጻፍ ሁለት ሳጥን ይሰጥሻል፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለመጠሪያ ስም። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም አለው፣ ከወላጅ ይወርሳል። ሪቻርድ ፓንክኸርስት «ፓንክኸርስት» ቢባል ትክክል ነው፤ ከእናቱ ከሲልቪያ የወረሰው የቤተሰብ ስም ነው። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። ስማችንና የአባታችን ስም ነው ያለን። ባሕሩ ዘውዴን «ዘውዴ (1991)» ብሎ መጥቀስ መጽሐፉን ለአባትየው መስጠት ነው። መጽሐፉን የጻፉት ባሕሩ ናቸው። በዋቢ ዝርዝሩም «ዘ» ሥር ሳይሆን «በ» ሥር ነው ሰው የሚፈልጋቸው። «ዘውዴ፣ ባ.» ተብሎ ሲወጣ ደግሞ ባሕሩ ይሁኑ ባዬ ማን ያውቃል? ይህን ጉዳይ እንደ ቅርጽ ብቻ አትዪው። የሰው ሥራ ለባለቤቱ መድረሱ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዞተሮ ላይ ከስሙ ሳጥን አጠገብ ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ስትጫኚ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ ውስጥ «ባሕሩ ዘውዴ» ብለሽ በሙሉ ጻፊ። ከዚያ በኋላ ማንም አይገለብጠውም፤ በጽሑፉም በዝርዝሩም ሙሉ ስሙ እንዳለ ይወጣል። መዝገቡን በእጅሽ በቢብቴክ (ምንጭ በተራ ጽሑፍ በሚመዘገብበት አጻጻፍ) የምትጽፊ ከሆነ ደግሞ ስሙን በአንድ ጥምዝ ቅንፍ ሳይሆን በድርብ ጥምዝ ቅንፍ እቀፊው። ሥራው አንድ ነው።

አንዳንዱ ተማሪ አቋራጭ ይፈልጋል። ስሙን በቤተሰብ ሳጥን፣ የአባቱን ስም በመጠሪያ ሳጥን ያስገባል። አትሞክሪው። ያኔ «ባሕሩ፣ ዘ.» ይሆናል። ግማሹን አስተካክሎ ግማሹን ማበላሸት ነው።

የመሥሪያ ቤት ስምም በዚያው አንድ ሳጥን ነው የሚገባው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲን በሁለት ሳጥን ያስገባ ሰው «ኤጀንሲ፣ ማ. ስ.» የሚባል ደራሲ አግኝቷል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ተጠርዞ።

አንድ ነገር ደግሞ ከአማካሪሽ ጋር ተነጋገሪ። አንድ ኢትዮጵያዊ ደራሲ በእንግሊዝኛም በአማርኛም የጻፈ ከሆነ ስሙን አንዱ ላይ በላቲን፣ አንዱ ላይ በፊደል ካስገባሽ ዝርዝሩ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጽሑፍሽ በአማርኛ ስለሆነ የኢትዮጵያውያንን ስም ሁልጊዜ በፊደል ብትጽፊ፣ የመጽሐፉን ርእስ ግን በታተመበት ቋንቋ ብትተዪ እመርጣለሁ። አማካሪሽ ሌላ ሕግ ካላቸው የእሳቸውን ያዢ። ብቻ አንድ ሕግ ይሁን።

ስሙ ከተስተካከለ በኋላ አማርኛ ራሱ የሚያመጣው አንድ ፈተና አለ። እንግሊዝኛ ስሙን አይነካካውም። እኛ ግን ስሙ ላይ እንቀጥላለን፤ «ባሕሩም»፣ «ባሕሩን»፣ «ከባሕሩ»። ማርክዳውን ላይ @ባሕሩ1991 ብለሽ ከቅንፍ ውጭ ስትጽፊ «ባሕሩ ዘውዴ (1991)» ሆኖ ይወጣል። «@ባሕሩ1991 እንዳሉት» ካልሽ ደህና ነው፤ መሐል ላይ ክፍተት አለ። «@ባሕሩ1991ም» ካልሽ ግን «ም»ን የመለያው አካል አድርጎ ይወስደዋል፣ ምንጩንም ያጣዋል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ስሙን ራስሽ ጻፊ፤ መለያውን ደግሞ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገሽ በቅንፍ አስገቢ፦

ባሕሩ ዘውዴም [-@ባሕሩ1991] ይህንኑ ያነሣሉ።

የመቀነስ ምልክቷ «ስሙን ተወው፣ ዓመቱን ብቻ ስጠኝ» ማለት ናት። «ባሕሩ ዘውዴም (1991) ይህንኑ ያነሣሉ» ሆኖ ይወጣል። አማርኛው አማርኛ ይመስላል። እኔ አማርኛ ጽሑፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው ይህንን ነው። አክብሮቱም፣ ጾታውም፣ ቅጥያውም በእጅሽ ይሆናል።

ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት አለ። ርእስሽ ፒያሳ ስለሆነ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ሳትጠቅሺ አታልፊም። በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። በእንግሊዝኛው የነጋሪት ጋዜጣ ዓምድ ያው አዋጅ 47/1975 ነው። አንድ ሕግ፣ ሁለት ቁጥር። አንዱን ምንጭ ከአማርኛ መጽሐፍ፣ ሌላውን ከእንግሊዝኛ ጥናት የቀዳ ሰው ሁለት አዋጅ ያለ ይመስለዋል። መዝገብሽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስገቢው፤ በአማርኛው ቁጥር። የእንግሊዝኛውን በማስታወሻ ሳጥኑ ያዢው።

መጻሕፍቱም ላይ እንደዚያው ነው። አንድ ደራሲ በ1994 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ እንበል። ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1998 አንድ ጽሑፍ በውጭ መጽሔት አውጥቷል። ኮምፒውተሩ 1994ን ያስቀድማል። በእውነቱ ግን መጽሐፉ የወጣው ከጽሑፉ በኋላ ነው፤ 1994 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 2001/02 ነውና። የሰውዬው የሐሳብ ጉዞ ተገልብጦ ይነበባል። አንባቢ ደግሞ ቅንፍ ውስጥ ያለውን ቁጥር ብቻ አይቶ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይለይም።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። በዞተሮ የዓመት ሳጥን ውስጥ መጽሐፉ ላይ የታተመውን ዓመት እንዳለ አስገባለሁ። አልለውጥም። መስከረም ላይ ስለሚቀየር ወሩን ሳያውቁ መለወጥ ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ዋቢ ላይ አይገባም። ከዚያ ከታች ባለው «ተጨማሪ» በሚባለው ሳጥን ውስጥ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብዬ እጽፋለሁ። ስታይሉን ደግሞ ያንን ከዓመቱ ቀጥሎ እንዲያወጣ አደርገዋለሁ። ሁለት አቆጣጠር የቀላቀለ ደራሲ ካጋጠመሽ ቅደም ተከተሉን መጨረሻ ላይ በዓይንሽ አይተሽ አስተካክዪ። ብዙ አይሆኑም።

ስታይል፣ ስታይል ያልኩት ምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሲኤስኤል ይባላል። ዋቢ እንዴት እንደሚወጣ የሚናገር ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ከ10,000 በላይ የተዘጋጁ አሉ፣ ሁሉም በነፃ። የታወቁትን የአጠቃቀስ ደንቦች፣ የኤፒኤውንም የቺካጎውንም ታገኚያለሽ። አንዱን አውርደሽ ኮፒ አድርጊና አማርኛ አስተምሪው። ፋይሉ ውስጥ ቃላት የሚተኩበት ቦታ አለ። እዚያ «እና ሌሎች»፣ «ገጽ»፣ «አዘጋጅ»፣ «ዝኒ ከማሁ» ብለሽ ታስገቢያለሽ። ኮማውን በ«፣»፣ ነጥቡን በ«።» ትተኪያለሽ። ሁለት ነጥብ ተደራርቦ የሚወጣበት ቦታ ካለ ፈልገሽ አንዱን አጥፊ። በሁለት ደራሲዎች መካከል «እና» ከማድረግ ግን «&» እንድታደርጊ እመክራለሁ፤ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲመጣ በሁለት የላቲን ስሞች መሐል «እና» ገብቶ ዓይን ይወጋል።

ሌላም አለ። ስታይሎቹ የመጽሐፍን ርእስ ያዘነብሉታል። የላቲን ፊደል ሲያዘነብል ያምርበታል፤ የራሱ ዘንባላ ቅርጽ አለው። የእኛ ፊደል ግን ዘንባላ የለውም። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ገፍቶ ያጋድመዋል። እግሩ የተሰበረ ይመስላል። ስታይሉ ላይ ዘንባላ የሚለውን አውጥተሽ በትእምርተ ጥቅስ ወይም በደማቅ ተኪው። ፊደል ቆሞ ነው የሚያምረው።

ቃለ መጠይቆችሽን በዋቢ ዝርዝሩ ውስጥ አታስገቢ። አንባቢ ሊያገኘው የማይችለው ነገር ስለሆነ ኤፒኤም አያስገባውም። የታሪክና የፎክሎር ሰዎቻችን ልማድ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ነው፤ በሠንጠረዥ፣ በአባሪ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ፣ ቀን። ስማቸው እንዳይጠራ የጠየቁሽ ካሉ በቁጥር። ዛሬ የፒያሳ ሰው ከሰፈሩ ወጥቶ ተበታትኗል። የነገሩሽ ነገር ከእነሱ ውጭ የትም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ያንን ሠንጠረዥ እንደ ተራ አባሪ አታድርጊው። ቃለ መጠይቁ የት እንደተደረገ ብቻ ሳይሆን ሰውዬው ፒያሳ የትኛው ቦታ ይኖሩ እንደነበርም ዓምድ ጨምሪለት። ይህን ከማንም መመሪያ አላገኘሁትም፤ የእኔ ልመና ነው።

የጋዜጣና የማኅደር ምንጭ ላይ አልቆይም። አዲስ ዘመንን ስትጠቅሺ ቀኑን በታተመበት አቆጣጠር፣ ከነገጹ። ከወመዘክርም ሆነ ከሌላ ቤተ መዛግብት ላገኘሽው ሰነድ ዞተሮ የማኅደር ስምና ቦታ የሚጻፍበት ሳጥን አለው፤ የፋይል ቁጥሩ እዚያ ይግባ። ከሰነዱ ፊት ቁጭ ብለሽ ሳለ ጻፊው። ቤት ገብቼ እጽፈዋለሁ ያለ ሰው ተመልሶ ስድስት ኪሎ ሲመላለስ አውቃለሁ።

አሁን ወደ 230 ገጹ። ፓንዶክ ወርዱን ወደ ማርክዳውን ይለውጥልሻል፤ የግርጌ ማስታወሻዎቹ ሳይጠፉ። ዋቢዎቹ በእጅ የተጻፉ ስለሆኑ ግን መለያ አይሆኑም። አንድ በአንድ አንቺ ነሽ የምትተኪያቸው። አሰልቺ ነው። ግን በረከት አለው፤ እያንዳንዱን ምንጭ እንደገና ታይዋለሽ፣ ገጹን ታረጋግጫለሽ። ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አትስጪ። እኔም ሰው ሲያመጣልኝ አልቀበልም፤ ምንጩን ያነበበው እሱ ነውና።

ከመለወጥሽ በፊት ሁለት ጽዳት አለ። አንደኛ፣ በድሮ ሶፍትዌር የተጻፈ ክፍል ካለሽ ፈትሺው። ፊደላችን ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር መለያ ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩትና ከዚያም በኋላ ብዙ ሰው ሲጠቀምባቸው የኖሩት ፎንቶች የላቲን ምልክት ላይ የአማርኛ መልክ የለበሱ ነበሩ። ወርድ ላይ አማርኛ ይመስላሉ። ማርክዳውን ላይ ልብሱ ሲወልቅ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ምረጪና ፎንቱን ወደ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ቀይሪው። ፊደሉ ከተበላሸ የድሮ ነው፤ በመለወጫ ፕሮግራም ይለወጥ ወይም እንደገና ይተየብ።

ሁለተኛ፣ አራት ነጥብሽን እዪ። ብዙ ሰው ሁለት ነጥብን (፡) ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ያደርጋል። ለዓይን አንድ ናቸው። ግን «።» አንድ ምልክት ነው፣ «፡፡» ሁለት። ሁለቱ ነጥቦች በመስመር መጨረሻ ከተለያዩ አንዷ ወደ ታች ወርዳ ብቻዋን ልትቀመጥ ትችላለች። በፍለጋና ተካ በአንድ ደቂቃ ይጠፋሉ። እግረ መንገድሽን፣ በ«ሀ.»፣ «ለ.»፣ «ሐ.» የዘረዘርሻቸውንም አስቢባቸው። ፓንዶክ እነሱን ዝርዝር ብሎ አያውቅም፤ ተራ አንቀጽ ያደርጋቸዋል። በቁጥር ቀይሪያቸው።

አማካሪሽ ወርድ እንደሚፈልጉ አልጠራጠርም። ስጫቸው። ፓንዶክ የሞዴል ወርድ ፋይል ይቀበላል። በዚያ ፋይል ላይ የርእስ፣ የአንቀጽ፣ የግርጌ ማስታወሻና የዋቢ ስታይሎችን ፎንትና ክፍተት አንዴ ታስተካክያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሁሉ ያንን መልክ ይይዛል። አስተያየታቸውን ወርዱ ላይ ይጻፉ። አንቺ ግን አንብበሽ ማርክዳውኑ ላይ አርሚ። ወርዱን መልሰሽ ወደ ማርክዳውን አትለውጪ። ይቻላል፣ ግን መለያዎቹ እንደገና ተራ ጽሑፍ ይሆኑብሻል፤ ድካምሽ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። ዋናው ቅጂ አንድ ነው፣ እሱም ማርክዳውኑ ነው።

ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ካስፈራሽ ዜትለር የሚባል ነፃ የመጻፊያ ፕሮግራም አለ። ፓንዶክን በውስጡ ይዟል። «@» ስትጽፊ ምንጮችሽን ዘርዝሮ ያሳይሻል። መለያዎቹ እንዳይቀያየሩ ደግሞ ዞተሮ ላይ ቤተር ቢብቴክ የሚባለውን ተቀጥላ ጫኚ። ምንጭ በጨመርሽ ቁጥር የመዝገቡን ፋይል ራሱ ያድሰዋል። መለያዎቹን በላቲን ፊደል ሊሰጥሽ ይችላል፤ ምንም አይደለም፣ ለአንባቢ አይታዩም። በቀጥታ ፒዲኤፍ ለማውጣት አሁን ጊዜ አታጥፊ። የተለመደው መንገድ በአማርኛ ፊደል ላይ ይቆማል፤ ዚላቴክ የሚባለውን ሞተርና የአማርኛ ፎንት መጥራት ይፈልጋል። ከወርዱ አውጪው።

የሽፋን ገጹን፣ የፈታኞች ፊርማ ገጹንና ሴል የተዋሐደበትን ሠንጠረዥ ማርክዳውን ላይ ለመሥራት አትታገዪ። ለዚያ አልተፈጠረም። የመጨረሻው ወርድ ከወጣ በኋላ፣ ለጥረዛ ከመሄድሽ በፊት፣ አንድ ጊዜ እዚያው ወርድ ላይ ሥሪያቸው።

ሦስት ወር ይበቃል። ግን ዛሬ ማታ የምትሠሪው አንድ ነገር ብቻ ነው። አምስት ምንጭ ምረጪ፤ አንድ የኢትዮጵያዊ ደራሲ መጽሐፍ፣ አንድ የፈረንጅ፣ አንድ ሁለት ደራሲ ያለው፣ አዋጅ 47/1967፣ እና አንድ የአዲስ ዘመን ዘገባ። ዞተሮ ውስጥ በጥንቃቄ አስገቢያቸው። አምስቱንም የምትጠቅስ አንዲት አንቀጽ ማርክዳውን ላይ ጻፊና ወደ ወርድ አውጪያት። ያችን አንድ ገጽ አትመሽ ለአማካሪሽ ውሰጂላቸው። ስሙን፣ ዓመቱን፣ ነጥቡን ብዕር ይዘው ያርሙልሽ። የታረመችውን ገጽ ይዘሽ ስታይሉን አስተካክዪ። እሳቸው «ይሁን» እስኪሉ ድረስ 230 ገጹን አትክፈቺ። ስታይሉ ላይ የሚያቅትሽ ነገር ካለ ያችኑ ገጽ ከነእርማቷና ከፍላሹ ጋር ይዘሽልኝ ነይ፤ አብረን ቁጭ ብለን እናየዋለን።